ሁለገብ ጂምናዚየም በአዳማ፦ ጣውላ፣ ቪኒል ወይስ ሊሾ?

ክሩን፣ ማለትም ይህን የኢንተርኔት ውይይት፣ የከፈተው ሰው የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ አዳማ ውስጥ ባለ የዩኒቨርሲቲ ግቢ 2000 ተመልካች የሚይዝ ሁለገብ ጂምናዚየም ቢሠራ ወለሉ ምን ይሁን? መልሱንም እዚያው አስከተለው። ቅርጫት ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ እጅ ኳስ፣ ፉትሳልና ባድሜንተን የሚፈራረቁበት፣ በየሴሚስተሩ ፈተና፣ ሰኔ ወይም ሐምሌ ላይ ደግሞ ምርቃት የሚገባበት ቤት ስለሆነ ጥሩ ሊሾ ተሠርቶ ኢፖክሲ ቀለም ቢቀባ ይበቃዋል ባይ ነው። ጣውላ ቅንጦት ነው፤ የሚተርፈው ገንዘብ ጣሪያው ላይ ይዋል። ለዚህም ታሪክ ጠቀሰ። የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ፓሌስትራ እ.ኤ.አ. በ1927፣ የበትለር ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ (ዛሬ ሂንክል ፊልድሃውስ የሚባለው) እና የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዊሊያምስ አሬና በ1928 ተከፍተው እስከ ዛሬ ጨዋታ የሚካሄድባቸው፣ በእሱ አስተያየት፣ የጣሪያቸው ብረት ስለጸና ነው፤ ወለልማ በየጊዜው ይቀየራል። ብዙ ያከራከረችው ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ናት።

1ኛው መልስ ጠያቂውን አመስግኖ ቅደም ተከተሉን አረመ። ሁለገብ ቤት የሚታሰበው ከወለሉ ሳይሆን ከትልቁ ሜዳ ተነሥቶ ነው። ትልቁ ደግሞ ቅርጫት ኳስ ሳይሆን እጅ ኳስ ነው፦ 40 በ20 ሜትር። በጎን 1 ሜትር፣ ከግቡ ጀርባ 2 ሜትር ሲጨመርለት 44 በ22 ይሆናል፤ የተጠባባቂ ወንበርና የዳኛ ጠረጴዛ ገና አልገቡም። ቅርጫት ኳሱ 28 በ15 ሆኖ ዙሪያውን 2 ሜትር ሲተውለት 32 በ19 ብቻ ስለሚፈልግ እዚያው ውስጥ ይዋጣል። ፉትሳልም በእጅ ኳሱ ሜዳና በእጅ ኳሱ 3 በ2 ሜትር ግብ ይጫወቱታል። በቅርጫት ኳስ ልክ ተሠርቶ ሁለገብ የተባለ ቤት ግን፣ ግድግዳው አንዴ ከቆመ፣ እጅ ኳስን እንደ ውጭ ሰው በር ላይ ያስቀረዋል።

2ኛው ሒሳቡን ቀጠለ። የጀርመኖቹ ባለ ሦስት ክፍል አዳራሽ 45 በ27 ሜትር፣ ከፍታው 7 ሜትር ነው። በሁለት መጋረጃ ሲከፈል ሦስት 15 በ27 ክፍል ይወጣዋል። መረብ ኳስ 18 በ9 ሆኖ በየአቅጣጫው 3 ሜትር ሲተውለት 24 በ15 ስለሚሆን ሦስት ሜዳ በአዳራሹ ወርድ ልክክ ብሎ ይገባል። 22 ሜትር ወርድ ያለው ቤት ይህን አይችልም፤ 5 ሜትር ቆጥቦ ሁለት ክፍል ተማሪ ሜዳ ማሳጣት ነው። ስለ ከፍታው የጻፈው አጭር ቢሆንም ብዙ ሰው የሚስተው ነው። 7 ሜትሩ የሚለካው እስከ ቆርቆሮው ሳይሆን እስከ ዝቅተኛው ነገር፣ ማለትም እስከ መብራቱ፣ እስከ ማራገቢያው፣ እስከ ተጠቀለለው መጋረጃ ድረስ ነው። ለዓለም አቀፍ የመረብ ኳስ ውድድር የሚጠየቀው 12.5 ሜትር ለዩኒቨርሲቲ እንደማያስፈልግ፣ 9 ሜትር ግን ለባድሜንተንም ለአየሩም ጥሩ እንደሆነ ጨመረ።

3ኛው ከመክፈቻው ጋር የተስማማ ነው፤ ወንበር የሚጎተትበት ቤት ውስጥ ጣውላ ማንጠፍ ገንዘብ መድፋት ነው ብሎ በአንድ መስመር አለፈ። ወዳጅ በዛለት።

ክሩ መልክ የያዘው በ4ኛው ነው። ጸሐፊው የስፖርት ወለል የሚያውቅ መሆኑ ያስታውቃል፤ የተናገረው ሁሉ ቁጥር አለው። የአውሮፓው የቤት ውስጥ ስፖርት ወለል ደረጃ፣ 14904 የሚባለው፣ ወለሉ የሰውነትን ምት ከ25 እስከ 75 በመቶ እንዲውጥ ይጠይቃል፤ ሊሾ የሚውጠው ዜሮ ነው። ኢፖክሲ ቢቀባም ያው ነው፣ ቀለም ቅልጥምን አያድንም። ኳሱ በኮንክሪት ላይ ከሚነጥረው ቢያንስ 90 በመቶ መንጠር አለበት፤ በዚህ በኩል ሊሾ ያልፋል፣ ሰዎችን የሚያታልለውም ኳሱ ጥሩ መንጠሩ ነው። ወለሉ ጫማን የመያዝ ኃይሉ ደግሞ በዚያው ደረጃ መለኪያ ከ80 እስከ 110 መሆን አለበት፤ ኢፖክሲ ላይ የአዳማ አቧራ ሲቀመጥበት እንደ ዱቄት ያንሸራትታል። ምርጫው ሦስት ነው አለ፦ ከሥሩ የሚለጠጥ ጣውላ፣ ከ7 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ ስፖንጅ ቪኒል፣ ወይም የጎማ ፍርፋሪ ምንጣፍ ላይ የሚፈስ ፖሊዩረቴን (ፈሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ)።

ከዚያ ወደ ታሪኩ ዞሮ ጠያቂውን በራሱ ምሳሌ ያዘው። የዊሊያምስ አሬና ወለል ከዙሪያው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ እንደ መድረክ የተሠራ ነው፤ ያንን ቤት ከሌላው የሚለየው ጣሪያው ሳይሆን ወለሉ ነው። በበትለሩ ቤት ደግሞ ሜዳው መጀመሪያ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተነጥፎ ነበር፤ በ1933 ከሰሜን ወደ ደቡብ አዞሩት። ወለል ይቀየራል የተባለው እውነት ነው፤ የሚቀየረው ግን ከሥሩ ያለው ነገር መጀመሪያ በትክክል ከተሠራ ብቻ ነው። ቅርጫት ኳስ ራሱ በ1891 መጨረሻ ስፕሪንግፊልድ ላይ ሲፈጠር በቤት ውስጥ ነበር፤ የቀለበቱ 3.05 ሜትር ቅርጫቶቹ ከተሰቀሉበት የሰገነት ጠርዝ የመጣ ልክ ነው። ጨዋታውን የወለደው አዳራሹ እንጂ አዳራሹን የወለደው ጨዋታው አይደለም ሲል ዘጋ። ይህች የመጨረሻዋ ትንሽ ተጋንናለች፤ ፓሌስትራን የመሰሉትን ትልልቅ ቤቶች ያስገነባው የጨዋታው ተመልካች ብዛት ነው።

5ኛው ከሥር ስላለው ነገር ነው፤ ለእኔ ከክሩ ሁሉ ዋጋ ያለው መልስ ይኸኛው ነው። ግንባታ ላይ የተለመደው ስሕተት 28 ቀንን እንደ ማድረቂያ ጊዜ መቁጠር ነው። 28 ቀን ኮንክሪቱ ጥንካሬው የሚለካበት ቀን ነው፤ መድረቁን አይናገርም። በልማድ የሚሠራበት ግምት ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ነው፤ 15 ሴንቲ ሜትር ወለል ስድስት ወር ይፈልጋል፣ ያውም ጣሪያው ከተከደነና በሩ ከተዘጋ ጀምሮ እንጂ ከተሞላ ጀምሮ አይደለም። ቸኩሎ ቪኒል የለጠፈ ሰው ሙጫው ይቦካበታል፣ ወለሉ እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል። ቸኩሎ ጣውላ ያነጠፈ ደግሞ የእያንዳንዱ ጣውላ ጠርዝ ተነሥቶ መሐሉ ይጎደጉድበታል።

የመፈተኛውንም መንገድ ሰጠ። 45 በ45 ሴንቲ ሜትር ጥርት ያለ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ ቢያንስ 16 ሰዓት መተውና ሥሩ ላብ መያዙን ማየት፤ ይህ ግን እርጥበት አለ ይላል እንጂ ደርቋል ብሎ አይመሰክርም። ትክክለኛው በአንድ ጎን ብቻ በሚደርቅ ኮንክሪት ውስጥ የውፍረቱን 40 በመቶ ያህል በስቶ መለኪያውን ጉድጓዱ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። የጣውላው ንብርብር ከታች ወደ ላይ፦ የእርጥበት መከላከያ ላስቲክ፣ የጎማ ትራስ፣ ሁለት ድርብ ፕላይዉድ በአግድመት ተሰናስሎ፣ በላዩ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ የሜፕል (ጠንካራ የውጭ እንጨት) ጣውላ። ኮንክሪቱ በ3 ሜትር ርዝመት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ መዛባት የለበትም፤ ከተዛባ ኳስ ሲነጥር ድምፁ የሚቀየርበት የሞተ ቦታ ይፈጠራል። በአራቱም ግድግዳ ሥር 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዋል። ባለሙያ ያልሆነ ሰው ክፍተቱን አይቶ ሥራው ያላለቀ ይመስለውና በሲሚንቶ ይደፍነዋል፤ ክረምት ሲገባ እንጨቱ ሲያብጥ መሄጃ ያጣና መሐል ሜዳ ላይ ይነሣል። አዳማ በጋው ደረቅ፣ ክረምቱ እርጥብ ስለሆነ ይህ መጣበብና መስፋት በየዓመቱ የሚመጣ ነው።

6ኛው ሜፕል የሚለውን ቃል ሲያይ ተቆጣ። ከባሕር ማዶ እንጨት በዶላር ከማስመጣት በአገራችን ባሕር ዛፍ ወይም ዋንዛ አይሠራም ወይ፣ ባለሙያ ነኝ ባይ ሁሉ ለምን የውጭ ያደንቃል የሚል ነው። 7ኛው በቀዝቃዛ ቃል መለሰለት። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ ጥንካሬው አያሳማም፤ ግን ሲደርቅ የሚጠማዘዝና የሚሰነጠቅ እንጨት ስለሆነ በምድጃ በቀስታ ካልደረቀ ለ1200 ካሬ ሜትር ቀጥ ያለ ጣውላ ማግኘት ከባድ ነው። ዋንዛ ለቤት ዕቃ የተመሰገነ ቢሆንም ለስላሳ ስለሆነ የቅርጫቱ ተሽከርካሪ ጎማ ያጎደጉደዋል። በዚያ ላይ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የሐበሻ ጽድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ፣ በቁጥር 94፣ ታግደው ነበር፤ የመንግሥት ተቋም ይህን በጨረታ ሰነዱ ማስገባት አይቀለውም። 6ኛው ከዚያ በኋላ አልታየም።

8ኛው ወደ መብራት ወሰደን። ለልምምድ 200 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ)፣ ለክለብ ውድድር 500፣ ለከፍተኛ ውድድር 750። ቁጥሩን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚረሳው መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ነው። የድሮው ሜታል ሃላይድ አምፖል ለአንዲት ሰከንድ እንኳ ኃይል ከተቋረጠበት እስኪቀዘቅዝ 10 ደቂቃና ከዚያ በላይ አይበራም፤ ጄኔሬተሩ ቢነሣም ጨዋታው ይቆማል። ኤልኢዲ ወዲያው ይመለሳል። ቀን ብርሃን ለማግኘት ጣሪያው ላይ ብርሃን አስተላላፊ ቆርቆሮ መደባለቅን ግን አጥብቆ ተቃወመ። ምሳሌው የሂዩስተኑ ባለ ጣሪያ ስታዲየም፣ አስትሮዶም ነው። በ1965 ሲከፈት በጣሪያው መስተዋት መሰል ክፍሎች የሚገባው ጸሐይ የቤዝቦል ተጫዋቾችን ዓይን ስለያዘ ቀለም ቀቡት፤ ቀለም ሲቀባ ሣሩ ሞተ፤ ሣሩ ሲሞት በ1966 ሰው ሠራሽ ሣር ተነጠፈ። መረብ ኳስ ተጫዋች ደግሞ ሥራው ሁሉ ወደ ላይ ማየት ነው። ብርሃኑ በሰሜንና በደቡብ ግድግዳ ከፍ ብሎ፣ በጥላ ይግባ አለ።

9ኛው አስትሮዶም የዩኒቨርሲቲ እንዳልሆነ ለማረም ገብቶ እዚያው ቀረ። በጥር 1968 (እ.ኤ.አ.) የሂዩስተን ዩኒቨርሲቲና የሎስ አንጀለሱ ዩሲኤልኤ በቅርጫት ኳስ እዚያ ሲገጥሙ 52,693 ሰው ገባ፤ የሜዳው ጣውላም ከሎስ አንጀለስ ተጭኖ መጣ። ሜዳው የተነጠፈው ከትልቁ ስታዲየም መሐል ስለሆነ የቅርቡ ተመልካች እንኳ ሩቅ ነበር። ትልቅ ቤት ጥሩ ቤት ማለት አይደለም ለማለት ነው፤ 2000 ሰው ለያዘ ቤት መምከሩ ግን ትንሽ ግራ ያጋባል።

10ኛው ከመክፈቻው የጣሪያ ወሬ ጋር አያይዞ የወደቁትን ጣሪያዎች ዘረዘረ። የሃርትፎርድ ሲቪክ ሴንተር በጥር 1978 ከዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ በኋላ ሰው ወጥቶ ጥቂት ሰዓታት ሲያልፉ በበረዶ ክብደት ተደረመሰ። የካንሳስ ሲቲው ኬምፐር አሬና በሰኔ 1979 በዝናብና በነፋስ ወደቀ። 11ኛው በረዶውን ለባለቤቱ ትቶ ሁለተኛውን ወደ አዳማ አመጣው። ኬምፐር ላይ ዝናቡ ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ ተጠራቅሞ ብረቱን አጎበጠ፤ የጎበጠው ብረት ብዙ ውኃ ያዘ፤ ብዙ ውኃ ይበልጥ አጎበጠው፤ ነፋሱ ሲያወዛውዘው የኖረው ብሎን ተበጠሰ። እኛ ጋ የዚህ ታናሽ ወንድም በግድግዳ መሐል የተደበቀ አሸንዳ ነው፤ ቅጠልና ላስቲክ ሲደፍነው ውኃው የሚፈሰው ወደ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ነው። አሸንዳው ከግድግዳ ውጭ ይንጠልጠል፣ ተዳፋቱም አይቆጠብ። የኢጋ ቆርቆሮው ብሎን በጣሪያው ጠርዝና በማዕዘኑ ከመሐሉ ይልቅ ጠበቅ ጠበቅ ብሎ ይመታ፤ ነፋስ ጣሪያ የሚነቅለው ከጠርዝ ጀምሮ ነው። ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ዶፍ ሲወርድ የዳኛ ፊሽካ አይሰማም፤ ሳንድዊች ፓነሉ (መሐሉ ስፖንጅ የሆነ ድርብ ቆርቆሮ) ለሙቀቱም ለጩኸቱም ነው።

12ኛው የኬምፐርን ስም ሲያይ ሌላ ነገር ትዝ አለው። ጣሪያው በመውደቁ የካንሳስ ሲቲ ቡድን ወደ አሮጌው አዳራሽ ተመልሶ ሲጫወት በኅዳር 1979 የተጋጣሚው ቡድን ተጫዋች ዳሪል ዶውኪንስ ኳሱን ቀለበቱ ውስጥ ሲደፍቅ የመስተዋት ሰሌዳውን ሰባበረው፤ ዛሬ ሲጎትቱት የሚታጠፈው ቀለበት የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ቅርጫት ሲገዛ ቀለበቱ ታጣፊ መሆኑ በሰነዱ ይጻፍ አለ። ወሬው ሩቅ ሄዶ ጥሩ ምክር ይዞ ተመለሰ።

13ኛው ግን ትዕግሥቱ አልቋል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እርስዎ ሲባባል የቆየውን እሱ አንተ ብሎ ጀመረ። ጠያቂው ስለ አዳማ ጠየቀ፣ እናንተ ሂዩስተን ናችሁ የሚል ነው፤ ስለ ነፋሱና ስለ አቧራው አንድ ሰው አልጻፈም። ከ11ኛው ላይ ስለ ነፋስ ያለውን አላነበበም መሰለኝ።

ቢሆንም 14ኛው በዚህ ተገፍቶ የጻፈው ጠቃሚ ሆነ። የአዳማ 1 የነፋስ ኃይል ማመንጫ 51 ሜጋ ዋት፣ የአዳማ 2 ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የተተከለው ነፋሱ ቀልድ ስላልሆነ ነው። ዋናው በር ወደ ነፋሱ ፊት ከዞረ በተከፈተ ቁጥር አንድ አካፋ አቧራ ይገባል። በሩ ድርብ ይሁን፤ አንደኛው ሳይዘጋ ሁለተኛው እንዳይከፈት በመካከላቸው 4 ሜትር ያህል ቦታ ይተው፣ ያም ቦታ ሙሉ በሙሉ ምንጣፍ ይልበስ። አቧራ ሁለት ጉዳት አለው፤ ያንሸራትታል፣ ከጫማ ሥር ሆኖ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቫርኒሹን ይፍቃል። ወለሉ በየቀኑ በደረቅ ሰፊ መጥረጊያ፣ ከዚያ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ውኃ በባልዲ አይደፋበትም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በደግነት የሚሠራው ጥፋት ነው፤ የጽዳት ሠራተኛ እንደ ቤት ፓርኬ ሰም ቀብታ ታሸዋለች፣ ወይም በነጭ ጋዝ ትወለውለዋለች። በዓመቱ ቫርኒሽ ሲደገም ሰም የነካው ቦታ አይዝም፣ እንደ ቅርፊት ይላጣል። ስለዚህ የጽዳቱ መመሪያ በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ መጥረጊያው የሚቀመጥበት ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

15ኛው የባድሜንተን ሰው ነው። ነፋሱን ለማስወጣት በጎን የሚከፈተው መስኮት ላባዋን ኳስ ያወዛውዛታል፤ መስኮቱ ከተጫዋች ቁመት በላይ ይሁን፣ መብራቱም ከሜዳው ጀርባ ሳይሆን ከጎን ይሰቀል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ለባሕር ጠረፍ የተሠራው 77 ቁጥር ኳስ እዚህ ከሜዳ ይወጣል። 75 ወይም 76 መግዛት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኳሱ ዝግ ይላል።

16ኛውና 17ኛው መልስ የሉም። ከአወያዩ ማስታወሻ እንደሚገባን ከተማዋ ናዝሬት ትባል ወይስ አዳማ የሚል ጠብ ነበር፤ ሁለቱንም አንሥቷቸዋል።

18ኛው የሙቀቱን ሒሳብ አስቀመጠ። አንድ የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ 2000 ሰው 200 ኪሎ ዋት ነው፤ ማለትም በአንድ አዳራሽ ውስጥ 50 ያህል የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደ መጣድ። ቀዝቃዛው አየር ከታች በመረብ በተሸፈነ ቀዳዳ ገብቶ ትኩሱ በጣሪያው አናት ካልወጣ ማራገቢያ ብቻውን ትኩስ አየር ያንቀሳቅሳል። 19ኛው ለዚህ ቀልድ አገኘለት፤ የሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ ትልቁ ጉልላት በ1980 ሲከፈት የአየር ማቀዝቀዣ አምራቹን የካሪየርን ስም ይዞ ለአሥርት ዓመታት ማቀዝቀዣ አልነበረውም። የላምን ስም አይቶ ወተት የጠበቀ ሲል ሳቀ።

20ኛው መልስ የጠያቂው የራሱ ነው። ሊሾን ተወ፤ ስለ 28 ቀኑ አላውቅም ነበር ብሎ 5ኛውን አመሰገነ። ምርቃቱን ግን አልለቀቀም። ሰኔ ላይ ዝናብ አለ፣ ድንኳን አይበቃም፣ ተቋሙ ለቤቱ ገንዘብ የሚያወጣው ምርቃት ይካሄድበታል ተብሎ ነው፤ ስለዚህ እንዴት ይሸፈን?

ትልቁ ጠብ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ርእሱ ወለል ቢልም ሰው ከልቡ የተጣላው በወንበር ነው። 21ኛው ምርቃት ያለበት ጂምናዚየም ጂምናዚየም አይደለም፣ መጋዘን ነው ብሎ ጀመረ። ለዝግጅት ሁለት ሳምንት፣ ለድግሱ አንድ ቀን፣ ወንበር ለማንሣት ደግሞ ጊዜው የማይታወቅ፤ ፈተናው ሲጨመርበት ተማሪው ሜዳውን የሚያገኘው ስንት ቀን ነው? 22ኛው ደግሞ ይህን የሚሉ ሰዎች በጀት ጠይቀው የማያውቁ ናቸው አለ፤ በዓመት ለሁለት ጨዋታ ብቻ ቤት የሚሠራ የለም። ሁለቱ በ23ኛውና በ24ኛው ተመላለሱ፤ ከዚህ የሚጻፍ የለም፣ ከስድብ በቀር።

25ኛው ሁለቱንም ሳይነካ መልሱን ሰጠ። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ባለ አራት እግር ወንበር ላይ ሲቀመጥ በየእግሩ 19 ኪሎ ገደማ ያርፋል፤ ወደ ኋላ ሲደገፍ በሁለት እግር ይሆንና እጥፍ ነው። የእግሩ ፕላስቲክ ክዳን ከወለቀ የብረት ቱቦው ጠርዝ እንደ ቢላ ቪኒሉን ይበሳል። ስለዚህ ወለሉ መጀመሪያ ይጠረጋል፤ አሸዋ ከሽፋን ሥር ከቀረ ሽፋኑ ራሱ መሞረጃ ይሆናል። ቀጥሎ ለስላሳ ምንጣፍ፣ በላዩ 12 ሚሊ ሜትር ፕላይዉድ፣ መጋጠሚያው በፕላስተር። ሥሩ ጎማ የሆነ ምንጣፍ ቪኒል ላይ አይነጠፍም፤ የማይለቅ ቡናማ እድፍ ይተዋል። ለ45 በ27 ሜትር 1215 ካሬ ይመጣል፤ በ2.44 በ1.22 ሉሕ 409 ፕላይዉድ ነው፣ ክብደቱ ከ8 ቶን በላይ። ይህን የሚያስቀምጥ መጋዘን በምድር ቤት፣ ከሜዳው እኩል ደረጃ፣ ሰፊ በር ያለው ካልታሰበ በሁለተኛው ዓመት ሽፋኑ የሚነጠፈው ለመድረኩ ፊት ብቻ ይሆናል፣ በሦስተኛው ጨርሶ ይረሳል። ሲጨርሱ በ24 ሰዓት ውስጥ ይነሣ፤ ከሥሩ የታፈነው እርጥበት እንጨቱን ያሳብጠዋል። 21ኛው ይህን አንብቦ መጋዘኑ ካለ ዝም እላለሁ አለ፤ በዚህ ክር ሰው ሐሳቡን ሲያለዝብ የታየው ይህ ሁለተኛው ነው።

26ኛው ስለ በር አጭር ጻፈ፤ የመውጫው በር ሁሉ ወደ ውጭ ይከፈት፣ በደረት ሲገፋ የሚከፍተው አግዳሚ ብረት ይኑረው፣ በጨዋታ ሰዓት ሰንሰለትና ቁልፍ አይታይበት። 27ኛው በ2017 ዓ.ም. አዳማ ድረስ የተሰማውን የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ አንሥቶ ስምጥ ሸለቆ ላይ የሚሠራ ቤት ዓምዱ ብቻ አይበቃውም አለ። መብራት፣ ድምፅ ማጉያና የውጤት ሰሌዳ ከዋናው ማንጠልጠያ ሌላ የደኅንነት ሰንሰለት ይኑራቸው። የእጅ ኳስ ግብም ወለሉ ላይ ይታሰር፤ ያልታሰረ ግብ የተንጠለጠለበትን ልጅ ይዞ ይወድቃል፣ ለዚያ መንቀጥቀጥ አያስፈልግም።

28ኛው ስለ መስመር ነው። የቅርጫት፣ የመረብና የእጅ ኳስ መስመር 5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በግቡ ቋሚዎች መካከል ያለው የእጅ ኳስ መስመር ብቻ 8 ይሆናል። የባድሜንተን 4፣ የፉትሳል 8። ለየጨዋታው አንድ ቀለም፣ ከአራት ቀለም በላይ ግን ተጫዋቹም ዳኛውም ይደነጋገራሉ፤ ባድሜንተን በቋሚ መስመር ፋንታ በሚጠቀለል ምንጣፍ ይምጣ። ቀለሙና ቫርኒሹ ከአንድ አምራች ይሁኑ፤ የማይዋደዱ ከሆነ መስመሩ ይጨማደዳል።

ጠያቂው በ29ኛው ተመለሰ። 45 በ27ን ያዘ፣ መጋዘኑን ጨመረ፣ በወለሉ ላይ ከጣውላና ከቪኒል ገና አልለየም። አሁን የሚጠይቀው የመረብ ኳሱን ምሰሶ የሚቀበለው የብረት ቱቦ ነው፤ ሦስት ሜዳ ስለሆነ ስድስት ቱቦ በኮንክሪቱ ውስጥ ይቀበር ይሆን?

30ኛው ስምንት ነው ሲል አረመው። ምሰሶው ከጎን መስመሩ 1 ሜትር ርቆ ስለሚቆም በሁለቱ ምሰሶ መካከል 11 ሜትር ነው። ሦስቱ ሜዳ በአዳራሹ ርዝመት መሐል ለመሐል በሚሄድ አንድ መስመር ላይ ይደረደራሉ፤ ከአንዱ የጫፍ ግድግዳ ሲለካ ቱቦዎቹ 2፣ 13፣ 17፣ 28፣ 32 እና 43 ሜትር ላይ ይወድቃሉ። ለውድድር የሚሆነው ዋናው ሜዳ ግን በርዝመቱ ስለሚዞር ሌሎች ሁለት ይፈልጋል፤ ከጫፉ 22.5 ሜትር ላይ፣ ከጎን ግድግዳ 8 እና 19 ሜትር። ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ቱቦው በውኃ ልክ ቀጥ መባሉ ይታይ፣ አፉ በላስቲክ ይታሰር፣ ሜትር ተዘርግቶበት ፎቶ ይነሣ፤ ፎቶውም ከሥዕሉ ጋር ይቀመጥ። ወለሉ ከተነጠፈ በኋላ የጠፋ ቱቦ የሚያገኘው መዶሻ ይዞ ሜዳውን እያንኳኳ የሚዞር ሰው ብቻ ነው።